ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል የለም

ላሊበላ፣ መስከረም 26 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለደሞዝ ደርበው
ያለህበት ይድረስህ

ደሞዜ፣ የሆዴ፣

ጎረቤታችን ባንችይርጋ ያ ያመማት እግሯ ተሻላት። ክረምቱን ሙሉ ተኝታ፣ ጠበል ስናመላልስላት ከርመን፣ አሁን በምርኩዝ እስከ ደጄ ትመጣለች። ያዳናት ግን ደስታው ይመስለኛል። ልጇ መነን፣ ወልድያ አንድ ክፍል ከኋላህ ትማር የነበረችው፣ ፈተናውን አልፋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። ባንችይርጋ ይህን ከሰማች ወዲህ ምርኩዟን የምትይዘው ለመደገፍ ሳይሆን ለመጠቆም ነው። «አዲስ አበባ በዚያ በኩል ነው» ትለኛለች፣ እኔ የማላውቅ ይመስል።

አንተስ እንዴት ነህ? ከፋሲካ ወዲህ ደብዳቤህ አልደረሰኝም። ይህን የሚያደርስልህ ውዱ ነው፣ የኩልመስኩ። ለፈቃድ መጥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦሩ ሊመለስ ነው። በሰው እጅ ስለሆነ ደፍሬ እጽፋለሁ። ፊደሌ እንደምታውቀው በመሠረተ ትምህርት የለቀምኩት ነው፤ ጠማማውን አቅንተህ አንብብልኝ።

መነን ከዩኒቨርሲቲው የተሰጣትን መጽሐፍ አዋሰችኝ። ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የተጻፈ ነው፤ ቀጭን፣ ልባሱ ላይ የትልቅ በር ፎቶ ያለበት። ሦስት ቀን ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። የሚለውን ልንገርህ። አንተም ልታውቀው ይገባሃል፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ የደረሰ ሁሉ ሬጅስትራር ዘንድ ይቅረብ ይላል። እኔ የሰው ስም መስሎኝ፣ ይህ ሰውዬ ምን ያህል ጌታ ቢሆን ነው አገር ሁሉ ደጅ የሚጠናው ብላት መነን በሳቅ ፈረሰች። መዝገብ ቤት ነው አለችኝ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ፋኩልቲ በዲን ይመራል ይላል። እሳትና ዲን ሲባል እንጂ ሌላ ዲን መቼ ሰምቼ አውቃለሁ? አማተብኩ። ለካ አለቃ ማለት ነው። ሕግ የሚማሩበት አለ፣ ሕክምና አለ፣ ድንጋዩና መሬቱ እንዴት እንደተሠራ የሚያጠኑበትም አለ። ይህን ሳነብ ልጅነትህ ትዝ አለኝ። ነአኩቶ ለአብ ሄደን ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል ከየት ነው የሚመጣው ብለህ ቄሱን ብትጠይቃቸው፣ ዝም ብለህ ጠጣ አሉህ።

መኝታው አራት አራት ሆኖ ነው፤ ለያንዳንዱ አልጋና ፍራሽ ይሰጠዋል። እናንተ ምሽግ ውስጥ ስንት ሆናችሁ እንደምትተኙ ውዱን ጠየቅሁት፤ የጫማውን ክር ማጥበቅ ጀመረ። ምግብ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ለታመመ ክሊኒክ አለ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዝም ማለት ግዴታ ነው ይላል። ዝም ማለት ግዴታ የሆነው እዚያ ብቻ ይመስል! የእነሱስ ዝምታ ለማንበብ ነው።

አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ስደርስ እንዲህ ይላል፦ «አዲስ ገቢ ተማሪ ስሙ በሁሉም ማስረጃዎች ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጥ።» ከዚያ ወዲያ ማንበብ አልቻልኩም።

ልጄ፣ አንተ አልወደቅህም።

ካቻምና አልፈህ ነበር። ሳይንስ ፋኩልቲ ተመድበህ ነበር። መነን የራሷን ወረቀት ልታመጣ ወልድያ ወርዳ፣ ያንተን ከትምህርት ቤቱ አንድ መሳቢያ ውስጥ አግኝታ አመጣችልኝ። «ለወልደ ጊዮርጊስ ደርበው» ይላል። በጀርባው በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበታል፦ «ቤቱ ድረስ ተሂዶ ተጠይቋል። በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለም ተብሏል። ተመላሽ።»

የለም ያልኩት እኔ ነኝ።

የካቻምናውን ነሐሴ አስታውስ። መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቶ ወልድያ ወርደህ ውጤትህን ማየት አቃተህ፤ አፈሳውን ፈርተንም አጎትህ ዘንድ ደብቀንህ ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው ወረቀት ይዞ መጣና የወልደ ጊዮርጊስ ቤት ይህ ነው ወይ አለኝ። ቀበሌ የሚያውቅህ በደሞዝ ነው። ፊደል ያስቆጠሩህ የኔታ ወስደው ትምህርት ቤት ሲያስገቡህ በክርስትና ስምህ አስመዘገቡህ እንጂ፣ ከመምህራንህ በቀር በዚያ ስም ማን ይጠራሃል? ለአፈሳ የመጣ መስሎኝ ደነገጥኩ። የልጄን የክርስትና ስም አሳልፎ የሰጠብኝ ማን ነው አልኩ በሆዴ። ምን ወረቀት ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም። ብልጠት አማረኝና፣ «እዚህ ቤት ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል የለም፤ ጊዮርጊስን ከሆነ የምትፈልገው ቤተ ክርስቲያኑ ያውልህ፣ ወርደህ ጠይቀው» አልኩት። ሰውዬው ስቆ ሄደ። እኔም ሮጬ ለባንችይርጋ አወራሁላት፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

በሦስተኛው ሳምንት ከመደበቂያህ ብቅ ብትል ቅዳሜ ገበያ ላይ በደሞዝነትህ አፍሰው ወሰዱህ። የዩኒቨርሲቲ ወረቀት ያሳዩትን ሁለት ልጆች ዓይኔ እያየ ከመኪናው አወረዷቸው። አንተ ከላይ ሆነህ፣ «ብወድቅ ነው እንጂ እማ፣ የኔም ወረቀት ይመጣ ነበር» አልከኝ። እኔም፣ የወደቀው አንተ ብቻ ነህ እንዴ ብዬ አጽናናሁህ። ይህ አፌ አፈር ይብላ።

ባንችይርጋ አትንገሪው ትላለች፤ እዚያ ሆኖ ቢያውቀው ምን ይፈይድለታል ትላለች። እኔ ግን ወድቄ ነው እያልክ በዚያ ብርድ እንድታድር አልፈቅድም። መቆጣትህ አይቀርም። ተቆጣኝ፤ ብቻ ጽፈህ ተቆጣኝ።

ላሊበላ ይከተልህ። ጊዮርጊስ እኔ ደጁን መቀለጃ ባደርገው አንተን አይቀየምህ፤ ፈረሱን አጠገብህ ያቁምልህ። ከእንግዲህ ስምህን ይዞ ወደዚህ ቤት የሚመጣው አንተው ራስህ ሁን።

ይህን ብዬ ልዘጋው ስል መነን መጽሐፏን ልትወስድ መጣች። ነገ ትሄዳለች። ያንተንም ወረቀት ስጪኝ አለች፤ ቦታህን ያቆዩልህ እንደሆነ ያንን መዝገብ ቤት ልጠይቅልህ ብላ። አጥፌ ሰጠኋት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና፣

«የት ነው ያለው ካሉኝስ ምን ልበል፣ እትዬ የሻረግ?» አለችኝ።

የት ነው ልበላት? እኔስ ከፋሲካ ወዲህ መቼ አውቄው!

«አለ በያቸው» አልኳት። «እናቱ፣ ወልደ ጊዮርጊስ አለ ብላለች በያቸው።»

እናትህ
የሻረግ