ከአገር በመውጣቱ የታገደው የውጭ አገር ካርድ

ለሞገሌ ባንክ አክሲዮን ማኅበር ዋና ሥራ አስፈጻሚ
አዲስ አበባ

ሰበታ፣ መጋቢት 5 ቀን 2008 ዓ.ም.

እጅግ የተከበሩ ክቡር ሥራ አስፈጻሚ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለልብዎ ጤና፣ የከበረ ምኞቴን አቀርባለሁ። ልብን ለይቼ የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በእርስዎ ባንክ ካርድ የልብ ሕመም መታከም ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ለማንም አልመኘውም፤ ለእርስዎማ እንዴት አድርጌ።

የወይንሐረግ ታመነ እባላለሁ። ሰበታ ውስጥ አነስተኛ መድኃኒት ቤት አለኝ። ባለቤቴ ነገሳ ዲሪባ በጅማ መንገድ አሥራ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ አምስት ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ሐኪሞች የልቡ ቫልቭ መበላሸቱን፣ እዚህ ወረፋው ረጅም ስለሆነም ወደ ሕንድ ቢሄድ እንደሚሻል ነገሩን። የሐኪሞች ቦርድ ፈቀደ፤ ባንክዎም ዶላሩን ፈቀደና በካርድ ላይ ጫነልን። ሒሳባችንን የከፈትነው ነገሳ ሱሉልታ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ ካርዱን የሰጠን የሱሉልታ ቅርንጫፍዎ ነው። የዓለም ካርታ የተሳለበት፣ በጣም የሚያምር ካርድ ነው። ስለዚህ ካርድ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ካርዱን ሲሰጡን «ጥሬ ገንዘብ ይዞ መንከራተት ምን ያደርጋል፤ ይኼ ካርድ ባለበት ሁሉ እኛ አለን» ብለው ስላበረታቱን አመሰግናለሁ። በዚህ ቃል ተማምነን በእጃችን የያዝነው ለጥቂት ቀን ማረፊያና ምግብ የሚበቃ ብቻ ነበር። በኅዳር መጨረሻ ባንጋሎር ስንደርስ ካርዱ በመጀመሪያው ቀን ሠራ፤ የምርመራውን ከፈልን። በሦስተኛው ቀን የቀዶ ሕክምናውን ቅድሚያ ክፍያ ልከፍል መስኮቱ ጋ ስቀርብ ማሽኑ እምቢ አለ። ገንዘብ ተቀባዩ ሦስት ጊዜ ሞክሮ፣ እንደ ሐዘንተኛ አንገቱን ደፍቶ ካርዱን በሁለት እጁ መለሰልኝ። ሆስፒታሉ ለአርብ ይዞልን የነበረው ቀጠሮ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

2. ለደኅንነታችን ስላሳያችሁት ጥንቃቄ በጣም አመሰግናለሁ። የታገድንበትን ምክንያት ያወቅነው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የአገር ቤት ስልኬን ዓለም ገና ለምትኖረው ለነገሳ ታናሽ እህት ለፌኔት ትቼላት ነበርና መልእክታችሁ የደረሰው ለእሷ ነው። ደውላ አነበበችልኝ፤ «ካርድዎ ከኢትዮጵያ ውጭ ጥቅም ላይ በመዋሉ ለደኅንነትዎ ሲባል ታግዷል። ተጠቃሚው እርስዎ ከሆኑ ሒሳብዎ ባለበት ቅርንጫፍ በአካል ቀርበው ያረጋግጡ።» ፌኔት አስተማሪ ስለሆነች ያልገባት ነገር ሲኖር ደግማ ታነባለች። ሁለት ጊዜ ካነበበች በኋላ «ወይንዬ፣ የሰጧችሁ እኮ ውጭ እንድትጠቀሙበት ነው» አለችኝ። ይህን ለእርስዎ እንዳደርስላት አደራ ብላኛለች።

3. የጥሪ ማዕከላችሁን ትሕትና ሳላመሰግን ባልፍ ይቆጨኛል። ያነጋገረችኝ ልጅ አንድም ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ባለቤቴ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ መሆኑን፣ እኔም ያለሁት ሕንድ መሆኑን ስነግራት፣ «ገብቶኛል እመቤት፣ እንግዲህ ሲመለሱ ይቅረቡ» አለችኝ። ሳንከፍል እንደማንታከም፣ ሳይታከምም በአውሮፕላን እንዳይሳፈር ሐኪሙ መከልከሉን አስረዳኋት። «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር አልገባ ስላለኝ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

በእጃችን የነበረው ገንዘብ ሲያልቅ ያረፍንበት ቤት ባለቤት የሁለታችንንም ፓስፖርት ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ጠዋት ጠዋት ለነገሳ ጨው የሌለው ሩዝ ትልክለት ነበር። ፓስፖርቱን ግን ሒሳባችን ሳይዘጋ አትመልስም። እንዲህ ሆነን አንዲት መስኮት ባለችው ክፍል ውስጥ ተቀመጥን፤ ወደፊት ቀዶ ሕክምና የለም፣ ወደኋላ አውሮፕላን የለም። ነገሳ ተጋድሞ መተኛት አቅቶት በሦስት ትራስ ተደግፎ ይውላል። እኔ ደግሞ ዋሸሁት። ቀዶ ሐኪሙ ለስብሰባ ሌላ ከተማ ሄዷል አልኩት። ሁለት ቀን ሰማኝ። በሦስተኛው ቀን፣

«ሐኪሙ የትም አልሄደም፤ ካርዱ ነው አይደል?» አለኝ።

ከዚያም ሳቀ። «ስንት ጊዜ ገደል አፋፍ ላይ መኪና ቆሞብኝ ያውቃል። እዚያ ግን ወርጄ ቢያንስ ጎማውን በእግሬ እመታው ነበር። እዚህ ምኑን ልምታ?» ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረና እስኪያበቃ ድረስ ጀርባውን ይዤ ቆየሁ።

እዚያው ሰሞን እዚህ የነበረውን እርስዎም ያውቁታል። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጉዳይ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ተነሥተዋል፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ተጂ ከተማ የሚኖሩት አማቼ ኦቦ ዲሪባ ልጃቸውን ለማሳከም ሁለት በሬ ሸጠው የሰጡን ሰው ናቸው፤ በስልክ ባገኘኋቸው ቁጥር «ቀደዱት?» ብቻ ይሉኛል። ገና ነው ስላቸው ስልኩን መልሰው ለጎረቤት ይሰጣሉ።

ፌኔት ለመድኃኒት ቤቱ የሰጠኋትን ውክልና ይዛ ተነሣች። መጀመሪያ ከዓለም ገና ሰበታ በእግሯ ሄደች፤ ታክሲም ባጃጅም አልነበረም። መንገዱን በድንጋይ የዘጉት ወጣቶች ወዴት ነሽ ሲሏት ስለ ወንድሟ ነገረቻቸው። አንዱ ልጅ «እለፊ እህቴ፣ ለነገሳ እግዜር ይማረው በይልን» ብሎ እጇን ይዞ በድንጋዩ ላይ አሻገራት። ትንሽ እልፍ ብሎ የቆሙት ወታደሮችም ቦርሳዋን ፈትሸው፣ የሐኪም ወረቀቱን አይተው አሳለፏት። የሰበታ ቅርንጫፋችሁ ግን ዝግ ነበር። ጥበቃው ሽማግሌ ከመዝጊያው ጀርባ ሆነው «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬ ማንም አልገባ። ብትመለሺ ይሻልሻል» አሏት። በዚህ ቅር አላለኝም፤ እሳቸው የነገሯት እውነቱን ነው።

በማግስቱ ወደ ሱሉልታ ልትሄድ በአዲስ አበባ በኩል ዞረች። ታክሲው እንጦጦን አልፎ ጥቂት እንደሄደ መንገድ ተዘግቶ ተመለሰ። ደግማ ሞከረች፣ ደግማ ተመለሰች። በሦስተኛው ሙከራ የቡራዩ ቅርንጫፋችሁ ክፍት መሆኑን ሰማችና ወደዚያ ሄደች።

ሥራ አስኪያጃችሁ ተነሥተው ነው የተቀበሏት። ውክልናውን ከላይ እስከ ታች ካነበቡ በኋላ፣ «ገንዘብ ማስገባትና ማውጣት ይላል፤ ካርድ ማስከፈት አይልም። ደግሞም ሒሳቡ የሱሉልታ ነው» አሏት።

«ሱሉልታ መንገድ ተዘግቷል» አለች ፌኔት።

«ሲከፈት ይሂዱ።»

ይህን ሲነጋገሩ ከውጭ ተኩስ ተሰማ። ጥበቃው የብረት መዝጊያውን አወረደ። ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ ሥራ አስኪያጅ፣ አንዲት ራቢአ የምትባል ገንዘብ ከፋይ፣ ጥበቃው፣ ሁለት ደንበኞችና የነገሳ እህት አንድ አዳራሽ ውስጥ አራት ሰዓት ሙሉ ተቆልፈው ዋሉ። የአስለቃሽ ጭሱ በመዝጊያው ስር ይገባል። መብራት አለ፣ ስልክ አለ፣ ኮምፒዩተሩ ይሠራል። ሥራ አስኪያጁ መሀረባቸውን በአፍንጫቸው ላይ ይዘው፣ ሌላ የሚሠሩት ሥራ ሳይኖራቸው፣ አራት ሰዓት ሙሉ በደንቡ ጸኑ። ለእንዲህ ያለ ጽናት ሽልማት ካላችሁ እጩ አድርጋችሁ እንድትይዟቸው በታላቅ አክብሮት እጠቁማለሁ።

ፌኔት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ራቢአ ከመስኮቷ ጀርባ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና ታሪኩን ጠየቀቻት። ከዚያ ተነሥታ በቢሮው ስልክ ዋናው መሥሪያ ቤት የካርድ ክፍል ደወለች። እነሱም የካርዱ ባለቤት ራሷ በድምፅ ካላረጋገጠች አንከፍትም አሉ። ሥራ አስኪያጁ «ራቢአ፣ ይኼ የኛ ደንበኛ አይደለም፤ ኋላ ትጠየቂበታለሽ» አሏት። «እጠየቃለኋ» አለችና በገዛ ስልኳ ባንጋሎር ደወለችልኝ፤ ሁለቱን ስልኮች አፍ ለጆሮ ገጥማም በእጇ ያዘቻቸው።

እኔ ስልኩን ያነሣሁት ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ነው። ከበሩ ወዲያ የነገሳ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ በጆሮዬ ደግሞ የቡራዩ ተኩስ። የካርድ ክፍሉ ሰው ከሩቅ «የእናትዎ ሙሉ ስም?» ይላል።

«አስካለ ሀብተወልድ» ብዬ ጮህኩ።

«ምንድን ነው የሚንጫጫው?»

«ተኩስ ነው» አለች ራቢአ፣ «ቶሎ በሉ፣ ክንዴ ዛለ።»

የልደት ቀኔንና ካርዱ የተሰጠበትን ወር ጠየቀኝ፤ መለስኩ። «ተከፍቷል» አለ። ይህ ሁሉ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ካርዱ በታገደ በአሥረኛው ቀን፣ ስድስት ደቂቃ። ወደ ክፍሉ ገባሁና ነገሳን ለሆስፒታል ማልበስ ጀመርኩ።

ነገሳ ሆስፒታል የገባው በዚያው ቀን ቢሆንም ሳንባው ውኃ ቋጥሮ ስለነበር እስኪደርቅለት ሦስት ቀን ከፍተኛ ክትትል ክፍል ቆየ፤ ከዚያ በኋላ ነው የተቀደደው። ቀዶ ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ቢሆንም ስጠይቀው አልዋሸኝም። ቫልቩ በደንብ ገብቷል፣ በእነዚያ ቀናት የደከመው የልብ ጡንቻ ግን እንደ ቀድሞው አይሆንም አለኝ። ባለቤቴ በሕይወት አለ። ለዚህ ፈጣሪን፣ ሐኪሙን፣ አማቼን፣ ፌኔትንና ራቢአን አመሰግናለሁ። ዝርዝሩ ውስጥ ባንክዎ የሌለው ቦታ ጠቦኝ አይደለም። ነገሳ ከእንግዲህ የጭነት መኪና መሪ አይጨብጥም። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ወንበር አድርገንለት የመድኃኒቶቹን ማብቂያ ቀን ያነብልኛል። ከባድ መኪና በበሩ ሲያልፍ ቀና ብሎ ሳያይ «ማርሹን ዘግይቶ ቀየረ» ይላል፤ ከዚያም ወደ ንባቡ ይመለሳል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ካሣ ለመጠየቅ እንዳይመስልዎት። ባለፈው ሳምንት ኦቦ ዲሪባ ከቀፏቸው የቆረጡትን ማር ይዤ ራቢአን ላመሰግን ቡራዩ ሄጄ ነበር። መስኮቷ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። የደንበኛን ምስጢር በግል ስልክ በማስተላለፍና ከአሠራር ውጭ በመሥራት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት፣ ሁለት ልጆቿን እናቷ ዘንድ ትታ ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ መዛወሯን ጓደኛዋ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ሥራ አስኪያጁ ግን እዚያው አሉ፤ ዕድገት ማግኘታቸውንም በሩ ላይ ከተለጠፈው አዲስ ማዕረጋቸው ተረድቻለሁ። እንኳን ደስ ያላቸው።

ልመናዬ አንድ ነው። ማስጠንቀቂያው ይሰረዝ፤ ራቢአ ወደ ልጆቿ ትመለስ። ምስጢሩ የማን ነው ከተባለ የእኔ ነው። የእናቴን ስም በዚያ ተኩስ መካከል ጮክ ብዬ የተናገርኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ተበደልኩ ብዬ ማንንም አልከሰስኩም። ደንቡ የሚጠብቀው ደንበኛውን ከሆነ ደንበኛዋ ይኸው እየጻፍኩልዎት ነው። የሚጠብቀው ሌላ ሰው ከሆነም ማን እንደሆነ ቢነገረን እኛም እንጠነቀቅለታለን።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ትርፍን፣ ለካርታ ሠዓሊያችሁ ተጨማሪ ሥራን፣ ለክቡርነትዎም አገር ውስጥ የሚታከም ጤና እመኛለሁ።

ምንጊዜም በአካል ለመቅረብ ዝግጁ የሆንኩ፣
የወይንሐረግ ታመነ
ሰበታ

ማስታወሻ፦ ሒሳባችንን ትናንት ዘግተናል። ለዚህም እኔና ነገሳ ሱሉልታ በአካል ቀርበናል፤ እሱ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ተቀምጦ አርፏል። የመዝጊያ ቅጹ ላይ «ምክንያት» ለሚለው የተተወው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ስለነበር ቀሪውን እዚህ ጽፌዋለሁ።