ለሁሴኖ የተፈለጉ ዶሮዎች

አሰላ፣ ሐሙስ ሚያዝያ 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ዙቤዳ፣

ዶሮዎቹ ተገኙ። ሌላ ወሬ ብጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ፤ አጀማመሩ ጠፋኝ። ፊት ለፊት ብንሆን በኦሮምኛ ነበር የምነግርሽ፣ እሱንም አንገቴን ደፍቼ። ግን አንቺ ኦጎልቾ አክስታችን ቤት ነሽ፣ መጻፍ ደግሞ ሁለታችንም የተማርነው በአማርኛ ነው። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳታለቅሺ ብቻ አደራ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡ ቀን አንቺ ክንድሽን ልትታሺ ወጌሻው ዘንድ ሄደሽ ነበር። እኔ ጓዳ ሆኜ በግድግዳው ስንጥቅ አዳምጥ ነበር። ባልሽ ሁሴኖ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ፂሙን ተላጭቶ፣ ሰው የሚያምነው ሰው ሆኖ መጥቶ ነበር። የዶሮ ቤቱን ሳትዘጋ ተኛች፣ ሸለምጥማጥ ገብቶ ዶሮዎቼን ፈጀብኝ፣ ብቆጣት ተነስታ ሄደች አለ። ክንድሽን ወንዝ ስትሻገሪ ወድቀሽ የሰበርሽው ነው አለ።

አባባ አንቺ የነገርሻቸውን ተናገሩ። በገዛ ሲንቄዋ ነው የመታት፣ እንጨቱም ክንዷም እስኪሰበር ድረስ ነው የመታት አሉ። ያኔ ሰዉ ሁሉ ጸጥ አለ። እናታችን ባትሞት ኖሮ ያን ጸጥታ ጥሳው ትገባ ነበር። ያንን እንጨት ራሷ ቆርጣ፣ ልጣ፣ በቅቤ አሽታ፣ በሠርግሽ ቀን በእጅሽ ያስያዘችሽ እሷ ናት። ሚስት ስትበደል ይዛው የምትወጣውን፣ ሴቶች ሁሉ የየራሳቸውን ይዘው የሚነሱለትን፣ ወንድ እጁን የማያነሳበትን እንጨት ለዱላ የሚያደርግ ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ሽማግሌው ከዲሮ፣ «ታዲያ ሲንቄዋ የት አለ?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ምን አውቄ?» አለ ሁሴኖ። «የተበደለች ሴት ሲንቄዋን ይዛ ነው የምትወጣው። እሷ ባዶ እጇን ነው የወጣችው።»

እነ አዴ ከዲጃ፣ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሁሉም ሲንቄያቸውን ይዘዋል። ግን የተበዳይዋ እንጨት ከሌለ ሴቶቹ በምን ይነሳሉ? አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ፍርዱ ይህ ሆነ። አባባ ያለቁትን ዶሮዎች ይተካሉ፤ ዘራቸው ያው ነጩ የፈረንጅ ዶሮ፣ የዶሮ ማርቢያው ጣቢያ ሰዎች ሌግሆርን የሚሉት፣ ቁመታቸውም ሙሉ የሆነ፣ እንቁላል መጣል የጀመሩ። ሁሴኖ ዶሮዎቹን ሲረከብ አንቺ ትመለሻለሽ። አባባ እሺ ብለው ቃል ሰጡ።

አባባ ከብት እንጂ ዶሮ እንደማያውቁ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ያንቺን ዶሮዎች የማውቀውን እኔን አስከትለው ዞሩ። በየሄድንበት ዱዓዬ አንድ ነበር፣ አላህ አያግኛቸው የሚል። መጀመሪያ ዶሮ ማርቢያው ጣቢያ ሄድን፤ ጫጩት እንጂ ያደገ የለም አሉን። ደስታዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ። የአሰላ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ ነጫጭ የሐበሻ ዶሮዎች ይዞ የፈረንጅ ናቸው ብሎ ማለ። እግራቸው ግን እንደ ፈረንጆቹ ቢጫ አልነበረም። የሌግሆርን ሴት ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ትልቅ ሆኖ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል፤ የእነዚያ አጭር ነበር፣ ቀጥ ብሎ የቆመ። አባባ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። እኔ ዝም አልኩ። ዓይናፋርነቴ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመኝ ብዬ ዝም አልኩ። ሁሴኖ አይቀበላቸውም፣ ቀኑ ይራዘማል ብዬ ነበር።

በእርግጥም አልተቀበለም። እደጃችን መጥቶ አንዷን በእግሯ ይዞ አንጠለጠላት፣ በእጁ መዘናትና ሳቀ።

«አባ ዙቤዳ፣ እኔ ዶሮ ነው ያልኩት። እርስዎ የገዙት ወፍ ነው።»

ከዚያ ከበራችን ድንጋይ ጋር አላተማት። ዙቤዳ፣ ድምፁ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። ሁለተኛዋን አነሳ። ሦስተኛዋን። እየተጣደፈ አይደለም፤ እንደ ሥራ ነው የያዘው። ደሙ የአባባን ጋቢ ረጨው። አንዷ ራሷ ሳይኖር ወደ ጓሮ ሮጠች፣ እሱ እግሩን አስቀድሞ ረገጣት። ሲጨርስ እጁን በሣር ጠረገና፣ «ልጅዎም ስትመጣ እንዲህ አንጠልጥዬ ነው የማስገባት» አለ።

የአባባ እጅ ወደ ዱላቸው ሄደ። አየሁት። ከዚያ ተመለሰ። እሱ ከሄደ በኋላ፣ «ቃል ሰጥቻለሁ፣ ሰኪና» አሉኝ፤ ልክ እኔ አንድ ነገር የተናገርኩ ይመስል። ዶሮዎቹ በቢስሚላህ የታረዱ ስላልሆኑ ለውሻ ተጣሉ። ድንጋዩን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ በጭነት መኪና ዲክሲስ ድረስ ሄድን። ገበያው ዳር አንዲት ሴት ዕቃዋን ሁሉ መሬት ላይ ከምራ ቆማለች፤ ድስት፣ ቁርበት፣ የበር መቃን ጭምር። ጠጂቱ ትባላለች። አጠገቧ ባሏ ነጋሳ አፉን በጨርቅ ይዞ ተቀምጧል። ባለርስቱ ትራክተር ገዝቶ ጭሰኞቹን ውጡ ብሏቸው፣ ነጋሳ ዘሬን ሳላነሳ አልወጣም ቢል ዘበኞቹ በሰደፍ ጥርሱን አረገፉት። ቤታቸውን በገመድ ጎትተው ጣሉት። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። ከእግሯ ሥር ባለው ቅርጫት ግን ዶሮዎች ነበሩ። ሳያቸው ልቤ ወደቀ። ነጫጭ፣ ደረታቸው ሞላ ያለ፣ እግራቸው ቢጫ፣ ቀዩ ሥጋ በዓይናቸው ላይ የተኛ። አባባ ሳይጠይቁኝ ከፊቴ አወቁ።

ጠጂቱ ግን ለአባባ መልስ ሳትሰጥ ወደ እኔ ዞረች። ዶሮዎቼ ማን ቤት ነው የሚሄዱት አለችኝ።

«እህቴ ባል ቤት» አልኩ።

«ጥሩ ሰው ነው?»

የቅርጫቴን ሣር አስተካከልኩ። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ባሏ ነው» አሉ።

«እሱንማ አልጠየቅሁም፣ ኦቦ» አለች።

ቢሆንም ሸጠችልን። ምን ታድርግ፣ ማደሪያ የላትም። እያንዳንዷን ከክንፏ ሥር ይዛ ደረቷ ላይ አቆየቻትና በተራ ወደ እኔ ቅርጫት አስገባች። ነጋሳ ሙሉ ጊዜውን የአባባን ዱላ ያይ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሁሴኖ ቤት ይዘናቸው ወጣን። ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት ቅርጫቱን ተሸክሜ ወጣሁ። ሁሴኖ ላባቸውን እየገለጠ፣ ደረታቸውን እየጫነ መረመራቸው። ምንም እንከን አጣ። «እቺስ ከዙቤዳ ትከብዳለች» ብሎ ሳቀ፤ አባባ አልሳቁም። ከዚያ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተና፣ «ዲዳዋ ታስገባቸው» አለ። ዶሮ ቤት ወንድ አይገባም፣ የሴት ሥራ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ማንም አልጠረገውም፤ ጎንበስ ብዬ ስገባ ኩሱ ዓይን ያቃጥላል።

ዶሮዎቹን እያወጣሁ ወደ ቆጡ አንድ በአንድ ሳስጠጋቸው እጄ እንጨቱን ነካ። የቆጡ እንጨት ለስላሳ ነበር። ለዶሮ ማን እንጨት ያለሰልሳል? በጥፍሬ ኩሱን ፋቅሁት። ልጅ ሆኜ፣ ገና ለሠርግሽ ሲዘጋጅ እሳት ውስጥ ጥዬው እናታችን የገረፈችኝ ቀን የቀረው ጥቁር ምልክት ከጫፉ ላይ አለ። ያንቺ ሲንቄ ነው፣ ዙቤዳ። ለሁለት ተሰብሯል፣ ሁለቱ ስባሪዎች ጎን ለጎን በልጥ ታስረዋል። አንቺን ሲሰብር ያልፈራ ሰው ሲንቄ ማቃጠል ግን ፈርቷል። ስለዚህ ወንድ ገብቶ በማይፈልግበት ቦታ ደበቀው፣ ከዚያ ዲዳ ናት ብሎ ራሱ እኔን አስገባኝ።

ልጡን በጥርሴ በጠስኩት። ሁለቱንም ከቅርጫቱ ሣር ሥር ከተትኩ። ከውጭ፣ «ምን ታደርጊያለሽ እዚያ?» ብሎ ጮኸ።

«ቆጡ ላይ አልወጣ አሉኝ» አልኩት። ድምፄ ራሴን ገረመኝ።

«ሲመሽ ራሳቸው ይወጣሉ» አለ።

በመንገድ አባባ ቅርጫቱን ልያዝልሽ አሉኝ፤ አልሰጠኋቸውም። ምንም አልነገርኳቸውም። ቃላቸው እሳቸውን አስሯል፣ እኔን ግን ማንም ቃል አልጠየቀኝም። አሁን ስጽፍልሽ ስባሪዎቹ ከፊቴ ናቸው። በተሰበረበት በኩል ከኩሱ ሥር ሌላ ጥቁር ነገር ደርቆበታል። የአንቺ ደም መሆኑን አውቃለሁ። አላጠብኩትም።

አባባ እሑድ አንቺን ሊወስዱ ይመጣሉ። ብትሰሚኝ ከአክስቴ ጉያ እንዳትነሺ። ይህን ደብዳቤ ወደ ኦጎልቾ የሚወርደው የእህል መኪና ሾፌር በማለዳ ይዞልሽ ይመጣል።

ያላገባች ልጅ ሲንቄ አትይዝም፣ አውቃለሁ። እኔም አልይዝም፤ አደርሳለሁ እንጂ። ውሻ የነከሰኝ ቀን እንኳ እንዳልጮህኩ ታስታውሻለሽ፤ ጥርሴን ነክሼ ደሜን በእጄ ይዤ ነው ወደ አንቺ የመጣሁት። ነገ ጁምዓ ነው። ወንዶቹ ሁሉ፣ ሽማግሌዎቹም፣ ሁሴኖም መስጊድ ይገባሉ። እኔ ሁለቱን ስባሪ አዴ ከዲጃ ደጃፍ ላይ አስቀምጬ፣ ሴቶቹ ከየቤታቸው ሲንቄያቸውን ይዘው እስኪወጡ ድረስ፣ ወንዶቹ ከሰላት ሲወጡ መንገዱን ተዘግቶ እስኪያገኙት ድረስ፣ ጉሮሮዬ እስኪደማ እጮኻለሁ።

ታናሽ እህትሽ ሰኪና