የይሻሽ ምርቃትና የቧንቧው ይግባኝ

ቤር ሸቫ፣ ሽኩና ቫቭ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ባለቤቴ ለይሻሽ፣

እንደምን ከረምሽ? የእህትሽ ሕመም እንዴት ሆነ? ጎንደር ብርዱ ጠንቷል ሲሉ ሰምቼ ወደዚያ ደርሶ በሚመለሰው በሀይሌ እጅ ጋቢ ልኬልሻለሁ። እኔም ልጃችን ሊያትም ደኅና ነን። ደኅና ያልሆነው ግድግዳው ነው፤ ከወጥ ቤቱ ተነሥቶ ወደ ሳሎን እያበጠ መጥቷል። ከታች ያሉት ጎረቤቶችም ጣሪያችን ራሰ እያሉ በር ይደበድባሉ።

ድምፁን ቀድቶ ይላክልኝ ማለትሽን ሊያት ነግራኛለች። እኔ ከእንግዲህ ድምፄን ለማንም አልልክም። የተላከ ድምፅ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲመሰክር በዓይኔ አይቻለሁና በወረቀት ጻፍሁልሽ።

አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ ቧንቧውን ባበላሸብን ሰው ላይ ያቀረብነው ክስ ታየ። ተረታን። የቧንቧ ሠራተኛው ጊዲ ምን ይዞ እንደቀረበ ታውቂያለሽ? ዳኛዋ ፊት ስልኩን ከፈተና የላክሽለት ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ «ጊዲዬ፣ እጅህ ይባረክ! እጅህን ቁርጥማት አይንካው! እንዳንተ ያለ ባለሙያ አላየሁም!» አስተርጓሚዋ አንድም ሳታስቀር ተረጎመችው። ዳኛዋም ደንበኛዋ ሥራውን አይታ ወዳ ተቀብላለች ብላ ፈረደችለት።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው። ሰውየው ገና ከደረጃው ሳይወርድ፣ አንቺም ውኃውን ከፍተሽ ሳታዪ ምርቃት! ደግሞ «ጊዲዬ»! ዐርባ ያለፈው፣ ሚስቱን የፈታ፣ ሽቶ ተቀብቶ ቧንቧ የሚጠግን ሰው «ጊዲዬ» ይባላል? በእኔ ወንበር ተቀምጦ ዶሮ ወጥ መብላቱንም አልረሳሁም። ኤመቅ ሳራ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስሸከም ውዬ ስገባ ለእኔ የተረፈኝ አንገቱ ነበር።

አዎ፣ ቀንቻለሁ። ምን ታደርጊኛለሽ?

ስንወጣ ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አባባ በለጠ፣ ሀኮል በሴደር፣ ሁሉም ደኅና ነው፤ ይሻሽን ሰላም በልልኝ» አለኝ። አንቺ ይሻሽ፣ እኔ አባባ! ሊያት እጄን ባትይዘኝ ኖሮ ሌላ ክስ ይኖርብን ነበር።

አሁን ሊያት ጠበቃ ጠይቃ መጥታለች። «አባ፣ ዒርዑር እናስገባ» አለችኝ፤ ይግባኝ ማለቷ ነው። ጊዜው ሊያልቅ ነው። ጠበቃዋ እንዳለችው የሚያድነን የአንቺ ቃል ብቻ ነው። ይህ ምርቃት በእኛ ዘንድ ሥራው ቢያምርም ባያምርም ለደከመ ሰው ሁሉ የሚባል ነው፣ ሥራውን መርምሬ የተናገርሁት አይደለም ብለሽ በመሐላ ወረቀት ላይ ትፈርሚያለሽ። አለዚያ የእኛንም ግድግዳ የጎረቤትንም ጣሪያ የምናሠራው እኛው ነን።

«እውነት ነው እኮ፣ አባ» አለች ሊያት። «እማ የአውቶቡስ ሹፌሩንም ትመርቃለች።» አልዋሸችም። ሹፌሩን፣ ፖስታ አዳዩን፣ ቆሻሻ የሚያነሡትን ሁሉ ስትመርቂ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም ነበር።

ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ጊዲን ከልብሽ አድንቀሽ የመረቅሽው ከሆነ አትፈርሚ፤ በሐሰት ከምትምዪ ግድግዳው ይፍረስ። ለማንም የምትይው ከሆነ ግን ፈርሚ፣ ማሸነፋችን አይቀርም።

ይሻሽ፣ የዚህን ቤት በር የቀባሁት እኔ ነኝ። መደርደሪያውን የሰቀልሁት፣ የልብስ ማጠቢያውን ደረጃ ለደረጃ ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንዲያ ያለ ቃል ከአፍሽ ሰምቼ አላውቅም። ለማንም የሚባል ከሆነ፣ እኔ በዚህ ቤት ማንም እንኳ አልሆንሁም ማለት ነው?

ፊርማውን በሀይሌ እጅ ላኪው። የዚህን መልስ ግን ራስሽ ይዘሽው ነይ።

እህትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ፣ መንገድሽንም ያቅናልሽ።

ያንቺው
በለጠ