ለድልድዩ የተጋበዘ ዘፈን

መስከረም 8፣ ደሴ

በጭጋጉ የተነሳ ቀኑን ሙሉ በሕልም ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ሰኞ ትምህርት ይከፈታል። ድልድዩ ግን ተጀምሮ ቀርቷል፤ የጎረቤቴ የዘይነባ ልጆች፣ ሰኢድና ፋጡማ፣ ዘንድሮም የሞላውን ወንዝ በእግራቸው ሊሻገሩ ነው። ሬዲዮ ጣቢያው ደወልሁ። የድሮ ተማሪዬ ሰብለ የጣቢያው ጋዜጠኛ ናት፤ ቀድሞ በዚህ ሰዓት የሥራ ኃላፊዎችን በጥያቄ ታፋጥጥ ነበር፤ ዛሬ ሰዓቱ የዘፈን ግብዣ ሆኗል።

«መምህር! እርስዎም ዘፈን ጀመሩ?» ብላ ሳቀች። «ለማን ልጋብዝልዎ?»

«ተገትሮ ለቀረው ድልድያችን።»

ሳቋ ቆመ። «እሱን እንኳ አልችልም፣ መምህር። የሰው ስም ይጥሩልኝ።»

«እንግዲያው ወንዙን ለሚሻገሩት፣ ለሰኢድና ለፋጡማ በይ።»

«ለሰኢድና ለፋጡማ፣ መልካም የትምህርት ዘመን!» አለችና ዘፈኑን ለቀቀችው። ወንዙን አላነሳችም።

ልጆቹ ከግድግዳው ማዶ «ስማችን ተጠራ!» እያሉ ሲጨፍሩ ሰማሁ። የሚሰሙት ከእኔው ሬዲዮ ነው፤ ልዘጋው ብል አቃተኝ…