ወደ ሸለቆው አጭሩ መንገድ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? እኛ ናፍቆትህ ካልሆነ በቀር ደህና ነን።

ስትመጣ በረሃው ፓርክ ውስጥ ያለውን ሸለቆ በእግር እናሳይሃለን። አጭሩን መንገድ መርጫለሁ፤ ማልደን ወርደን፣ ፀሐይ ሳትበረታ እንመለሳለን።

ባለፈው እሁድ መንገዱን ልይ ብዬ ከልጄ ጋር ወርጄ ነበር። ስንመለስ "አባዬ፣ በየት በኩል ነው?" ብትለኝ ግራ ቀኙን ባይ ሁሉም አዲስ ሆነብኝ። የፓርኩ ጠባቂ ሲደርስ "መንገዱን ቀየራችሁት እንዴ?" አልኩት።

"ኧረ አባቴ፣ ማንም አልነካውም! እርስዎ እኮ ነዎት በዚህ ስንቱን እንግዳ ሲመሩ የኖሩት" አለና እጄን ይዞ አወጣኝ። ልጄ ፊት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለእናቷ ፀሐይ መታኝ አልኳት።

እና ጋሼ፣ የዚያን ቀን ከፊት ከጠባቂው ጋር አንተ ሁን። እኔ ስንቁን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ።

በደህና ያገናኘን።

ታናሽህ