ልጄን «ደጋሚ» ላላት ኮሚቴ

ሆሳዕና፣ ሰኔ 16 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የውጭ ትምህርት አጣሪ ኮሚቴ ጓዶች፣ በተለይም ለሊቀመንበሩ ለጓድ ወንዳፈረው፤

ጤናችሁ እንደ ማኅተማችሁ የጠነከረ፣ ወንበራችሁም እንደለመዳችሁት የተመቸ ይሁን እያልሁ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። እኔ ጠና ሀንዲሶ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነኝ። ሚስቴ ገነቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እንሰቴን ራሴ እተክላለሁ፣ ቆጮዬን ራሴ እጋግራለሁ፣ ከሌሞ ሆሳዕና በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። ፊደልም በስልሳ አራት ዓመቴ በመሠረተ ትምህርት ቆጥሬአለሁ። የምስክር ወረቀቱን በእጃቸው የሰጡኝ ጓድ ወንዳፈረው ናቸውና ይህ ደብዳቤ ከገበያው ዛፍ ላይ ተለጥፎ ቢያገኙት የራሳቸው ፍሬ ነው።

1ኛ. ልጄ ጣቢታ በታሪክ ዲግሪ ይዛ ሞርሲቶ ከተማ አራት ዓመት አስተምራለች። አሁን ህንድ አገር ሕግ እንድትማር ቦታ አግኝታለች፤ ትምህርቱም አስቀድሞ ዲግሪ የሌለው ሰው የማይገባበት ነው። ከእናንተ የፈለገችው አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። እናንተም ሳትቸኩሉ አራት ወር አጥንታችሁ፣ «ዲግሪ ይዛ ሳለች እንደገና ለዲግሪ ስለምትማር ደጋሚ ናት፤ ደጋሚ ተማሪ ወደ ውጭ አይላክም» ብላችሁ ጽፋችኋል። ስለ ጥልቅ ጥናታችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

2ኛ. እኔ ያልተማርሁ ስለሆንሁ የማውቀው እንሰት ነው። እንሰት በአንድ ቦታ ቆሞ አይደርስም፤ ይነቀላል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል፣ ደግሞ ይነቀላል፣ ደግሞ ይተከላል። በሌሞ ምድር እንሰት ሲዛወር አይቶ «ይሄ ወደቀ» ያለ ሰው እስከ ዘንድሮ አልተወለደም ነበር። ቆጮውን ግን በየስብሰባው ስትበሉት አያችኋለሁ።

3ኛ. ለምን ሕግ ብላችሁኝ ነበር። በንጉሡ ጊዜ በድንበር ተከስሼ ችሎት ስቆም አማርኛ አልሰማም ነበር። ያላልሁትን ቃል ቃልህ ነው ብለው በአውራ ጣቴ አስፈረሙኝ፣ መሬቴም ሄደ። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረችው ጣቢታ ቀለሙን ከጣቴ ላይ በቅጠል ጠረገችልኝ። ይህን ለጓድ ወንዳፈረው ቆሜ ባስረዳቸው፣ «ሽማግሌ፣ መሬቱ የሕዝብ ሆኗል፤ ክሱም አብሮ አልቋል» ብለው ሳቁ። ጥርሳቸው አንድም ሳይጎድል ሙሉ መሆኑን በማየቴ ደስ ብሎኛል።

የድጋፍ ደብዳቤው እስከ ሰኔ 30 ካልተላከ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ዐሥራ አራት ቀን ቀርቷል። ለእናንተ ለአራት ወር ሰዎች አጭር መሆኑ ይገባኛል፤ ቢሆንም ማኅተም ለመምታት አንድ ክንድ ይበቃል፤ ክንድ ከጠፋም የእኔ አለላችሁ።

ዛሬ በአውራ ጣቱ ሳይሆን በገዛ እጁ የፈረመ፣
ትሑት አገልጋያችሁ
ጠና ሀንዲሶ

ማስታወሻ፦ ዕዳ ይዞ መሞት አልወድም፣ ልጄም እንድትከፍልልኝ አልፈልግም። ባለጋሪው ዳኘ በዝናብ ቀን ሳልለምነው እስከ በራችሁ አድርሶኛል፤ አጥሩን አጥርለታለሁ። መምህር አክሊሉ የህንዱን ወረቀት ወደ አማርኛ መልሶልኛል፤ አንድ የደረሰ እንሰት ከጓሮዬ ይወስዳል። ገነቴ ስትሞት «ልጅቷን አስጨርሳት» ብላኛለች፤ እሱ ገና ነው። ለእናንተም አለብኝ፤ ማንበብ አስተምራችሁኛል። ከሰኞ ጀምሮ በየማለዳው ከበራችሁ ላይ ቆሜ ስለ ልጄ የጻፋችሁትን ለገባ ለወጣው ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ አማርኛ ለማይሰማውም በሀዲይኛ።