ያለ ብሎን የሚቆመውን አዳራሻችንን ለነደፉት ለአርክቴክት ኸውላ አብዱልሰመድ

የኢስትሙር ፋና ማኅበረሰብ ትምህርት ቤትን ግቢ የነደፉት አርክቴክት ኸውላ አብዱልሰመድ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማርች 9 ቀን 2022 ወደ አኼራ ሄደዋል። ቦርዱ፣ መምህራኑና ወላጆች እጅግ አዝነናል። አዳራሹ ቆሞ ሳያዩት መሄዳቸው ደግሞ ያንገበግበናል።

አርክቴክት ኸውላ በደሴ ከተማ ተወልደው የሥነ ሕንፃ ትምህርታቸውን በቻይና፣ ናንጂንግ ተከታትለዋል። በዚያም ከነባር የእንጨት ባለሙያዎች ጋር እየሠሩ፣ እንጨትን ከእንጨት በመሰካት ያለ ሚስማር ጣሪያ ማቆምን ተምረዋል። ወደ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ከመጡ በኋላ ዳውንታውን በሚገኝ የሥነ ሕንፃ ቢሮ ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል።

በ2020 የግቢያችንን ንድፍ በበጎ ፈቃድ ሠርተው አስረከቡ። የመማሪያ ክፍሎቹ ብረትና መስታወት ሆነው፣ መካከል ላይ ያለው አዳራሽ በቻይናው ዘዴ እንዲሠራ ነበር ሐሳባቸው። ወረርሽኙ ግንባታውን ሲያስቆመው ወላጆችን በዙም እየሰበሰቡ አበረታተውናል።

በ2021 የአዳራሹ እንጨት በሙሉ፣ በዘዴው ልማድ መሠረት፣ በቅድሚያ መሬት ላይ፣ ፓርኪንግ ሎታችን ውስጥ ተገጣጠመ። ወላጆች ለማንኛውም ብለን ብሎን አጥብቀንበት ኖሮ አርክቴክቷ በሙሉ አስፈቱን። እንጨት በኦሃዮ ብርድና ሙቀት ስለሚላወስ ቦታ እንደሚፈልግ ካስረዱ በኋላ፣ ለወላጆች ተወካይ «ጋሼ አሥራት፣ ፕሊስ፣ እንጨቱን ትረስት ያድርጉት» ማለታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያም እያንዳንዱ እንጨት የአማርኛ ፊደል ተቀርጾበት ተፈታ።

ካረፉ በኋላ ሥራ ተቋራጩ ጣሪያው በፋብሪካ በተዘጋጀ ብረት እንዲተካ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ያለ እሳቸው ማን ይገጥመዋል የሚለው ሥጋት የእኛም ስለነበር ቦርዱ ወዲያው እንቢ ለማለት አልደፈረም። ባለፈው ቅዳሜ አናጺዎችና ወላጆች ፊደሎቹን ብቻ እየተከተሉ እንጨቱን እንደገና ሞከሩት። ገጠመ። ስለዚህ አዳራሹ እሳቸው በነደፉት መንገድ እንዲሠራ ቦርዱ በአንድ ድምፅ ወስኗል።

ለባለቤታቸው ለአቶ ሱሀይል፣ ለልጃቸው ለሸይማ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን፤ አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው።

የጣሪያው ዋና አግዳሚ እንጨት ሜይ 14 ቀን 2022 ይሰቀላል። እንደ ቻይናዎቹ ልማድ ቀይ ጨርቅ የሚታሰርበት ሲሆን፣ የእናቷን ቀይ ሻርፕ ሸይማ ታስርልናለች። የትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ በሙሉ ተጋብዟል። ብሎን ይዞ የሚመጣ ወላጅ እንዳይኖር ግን ቦርዱ በአክብሮት ያሳስባል።